የበሩ ሰውዬ

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን አንድ ብልህ ተማሪ ነበረኝ። የፈለጋችሁትን ስንኝ ስጡት፣ ወርቁን ያወጣላችኋል። ወርቅ የሌለውን ስጡት… እሱንም ያወጣዋል! ‹‹ገጣሚው እኮ ይህን ሊል አልፈለገም›› ስለው፣ ‹‹ባይፈልግም ብሎታል፣ ጋሼ›› ይለኛል። ምን ትሉታላችሁ?

በቀደም ተገናኝተን ማኪያቶ ይዘን ቁጭ እንዳልን ሞባይሉን አወጣና አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ደቀነብኝ። በሁለት ጣቱ ለጠጠው፣ ደግሞ ለጠጠው፣ በመጨረሻ ከጥላ የማይሻል አንድ ፊት ላይ ቆመ።

‹‹ይህ ሰውዬ ማን ይመስልዎታል?››

‹‹የማላውቀው ሰው።››

‹‹ኦስዋልድ ነዋ!››

ክርክሩ ከተጀመረ ስልሳ ዓመት አልፎታል። ፎቶግራፉን ያነሣው የአሶሼትድ ፕሬሱ ጄምስ አልትጀንስ ነው። ቦታው ዳላስ፣ ኤልም ጎዳና። ቀኑ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1963። በእኛ ሲቆጠር ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ የኅዳር ሚካኤል ዕለት። አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ስታጥን ውላ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ እዚያ ማዶ እኩለ ቀን አልፎ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በክፍት መኪና እየሄዱ ተመቱ። በፎቶግራፉ ላይ እጃቸው ወደ ጉሮሯቸው ተነሥቷል። ከኋላ ባለው መኪና ላይ የተንጠለጠሉት አንዳንዶቹ ጠባቂዎች አንገታቸውን ወደ ኋላ ጠምዝዘዋል። ከነሱ በስተጀርባ የመማሪያ መጻሕፍት ማከማቻው ሕንፃ መግቢያ ይታያል። በሩ ላይ አንድ ሰው አዘንብሎ ሰልፉን ይመለከታል።

ጥይቱ ተተኮሰ የተባለው ከዚሁ ሕንፃ 6ኛ ፎቅ ነው። በሩ ላይ ያለው ኦስዋልድ ከሆነ እንግዲህ 6ኛ ፎቅ ላይ የለም። ከሰናፍጭ ቅንጣት የማትበልጥ አንዲት ፊት የአንድ አገር መንግሥት የጻፈውን ታሪክ በሙሉ ይዛው ትወድቃለች። ማንን አያጓጓ!

ይመስላል ወይ? ይመስላል፤ መዋሸት ምን ያደርጋል? ዳሩ ግን ያው መጋዘን ውስጥ ቢሊ ላቭሌዲ የሚባል ሠራተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በዋረን ኮሚሽን ፊት ቀርቦ፣ ፎቶግራፉን አሳይተውት፣ ‹‹ይኸውላችሁ እኔ›› ብሎ ራሱን በቀስት አመልክቷል። በሩ ላይ አብረውት የነበሩት የሥራ ባልደረቦቹም እሱ ነው ብለዋል።

እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። ያላለቀው ደግሞ ተጠራጣሪዎቹ ቅዠታሞች ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ኤፍ.ቢ.አይ. እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1964 ላቭሌዲን ጠርቶ ፎቶግራፍ ሲያነሣው፣ ለብሶ የመጣው ባለ ቁም መስመር፣ እጅጌው አጭር ሸሚዝ ነበር። በበሩ ሰውዬ ላይ የሚታየው ሸሚዝ ሌላ! ላቭሌዲ ኋላ ሲጠየቅ፣ የዚያን ቀኑን ሸሚዝ ልበስ ያለኝ የለም፣ የዚያን ቀኑማ ባለ ትላልቅ ካሬ ነው አለ። ጉድ በሉ! ያን የሚያህል መሥሪያ ቤት፣ የዘመኑን ትልቅ ወንጀል ይዞ፣ ‹‹የትኛውን ሸሚዝ ነበር የለበስከው?›› ማለት አቃተው። ከዚህ በኋላ ሕዝቡ ለምን ጠረጠረ ብሎ መቆጣት አይቻልም።

የምክር ቤቱ የግድያ ጉዳይ መርማሪ ኮሚቴ በ1970ዎቹ መጨረሻ ነገሩን እንደገና አነሣው። የፎቶግራፍ ባለሙያዎችንና አንትሮፖሎጂስቶችን ጠራ፣ በዕለቱ ሌሎች ሰዎች የቀረጿቸውን ፊልሞች መረመረ። ልብ በሉ፣ ይህ ኮሚቴ የዋረን ኮሚሽን ጠበቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ሪፖርት ኬኔዲ የተገደሉት በሤራ ሳይሆን አይቀርም ያለው እሱ ነው። ሤራ አለ የሚለው ይኸው ኮሚቴ ወደ በሩ ሲመጣ ግን፣ ሰውዬው ላቭሌዲ የመሆኑ ዕድል እጅግ ከፍተኛ ነው አለ።

ተማሪዬ ይህን ስነግረው ዝም አለ። ለአፍታ። ወዲያው፣ ‹‹የመርማሪው የእጅ ማስታወሻስ? ኦስዋልድ ‹ከቢል ሼሊ ጋር ውጭ፣ በር ላይ ነበርኩ› ማለቱ ተጽፏል እኮ!›› አለኝ።

ተጽፏል። ዊል ፍሪትዝ የሚባሉት የፖሊስ ሻምበል የጫሩት ማስታወሻ ነው። ግን ከላይ ጀምሮ ይነበብ እንጂ! መጀመሪያ፣ ፖሊሱ ሲገባ 2ኛ ፎቅ ላይ ኮካ ኮላ ይዞ ነበር ይላል። ከዚያ 1ኛ ፎቅ ምሳ። ከዚያ ከሼሊ ጋር ውጭ። ከዚያ ሥራ ትቶ መሄድ። ፖሊሱ የገባው ከተኩሱ በኋላ ነው። በቅደም ተከተሉ ከሄድን የበሩ ወሬ ተኩሱ ካለፈ በኋላ ይመጣል፤ ቅደም ተከተሉን ካላመንነው ደግሞ ሰዓት የለውም። ከመካከል አንድ መስመር መንጭቆ ‹‹ወርቁ ይኸው›› ማለትን ማን እንዳስተማረው ስለማውቅ ብዙ አልገሠጽኩትም። ሁለታችንም ስድስት ኪሎ፣ በኬኔዲ ስም በተሰየመው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠን ነው ያነበብነው። ስንኝ ሁሉ ሰምና ወርቅ ነው ብዬ ክፍል ውስጥ የጮኽኩትም እኔው ነኝ። አንዳንዱ ስንኝ ሰም ብቻ መሆኑን መቼ ነገርኳቸው?

አሁን ደግሞ ደብዛዛ ፎቶ የሚያጠራ ፕሮግራም መጥቷል። የሌለ ቅንድብ፣ የሌለ የከንፈር መስመር ሠርቶ ይሰጣችኋል። ተማሪዬ ያሳየኝ አንደኛው ፊት የጠራው በዚህ ነው። ከፊልሙ ላይ ያልነበረ ነገር ከየት መጣ? እንደኔ ተማሪ፣ ፕሮግራሙም ወርቅ አውጥቶ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚከነክነኝ ላቭሌዲ ነው። ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ ሲያመላልስ የሚውል ሰው፣ በምሳ ሰዓቱ ፕሬዚዳንት ሲያልፍ ላይ ብሎ ደጅ ወጣ። በቃ፤ ያደረገው ይኸው ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ራሱ ራሱን መሆኑን አስረዳ ተባለ። በቃል አስረዳ፣ በቀስት አስረዳ፣ በሸሚዝ አስረዳ። ኮሚቴው ሪፖርቱን ባወጣበት በዚያው በ1979 መጀመሪያ፣ ገና በአርባዎቹ መግቢያ ላይ ሞተ። ዛሬም እሱን ከበሩ ላይ አንሥቶ ሌላ ሰው ለማቆም የሚታገለው ብዙ ነው። ኦስዋልድ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ተገድሏልና ጠበቃ ቢያገኝ አልቃወምም። ግን በሌላ ሰው ፊት?

‹‹እሺ፣ አንተ እንዳልከው ይሁን›› አልኩት ተማሪዬን፤ ‹‹በሩ ላይ ያለው ኦስዋልድ ነው። ላቭሌዲ ታዲያ የት ሄደ? አብረውት የነበሩት ሁሉ እዚያው ደረጃ ላይ ነበር ብለዋል። ፎቶው ላይ አሳየኝ።››

ሞባይሉን አነሣ። ፊቱን ትቶ ፎቶግራፉን ወደ መጠኑ መለሰው። ጠባቂዎቹ፣ መኪናው፣ የመንገድ ዳሩ ሕዝብ ሁሉ ተመልሶ መጣ። ደረጃው ላይ የቆሙትን አንድ በአንድ ሲፈልግ ቆየ።

‹‹እሱን አላሰብኩበትም፣ ጋሼ›› አለ። ከዚያ ደግሞ በሁለት ጣቱ መለጠጥ ጀመረ።