«ቀዳዳ» ብቻውን አይበቃም፦ በምሕንድስና ንድፍ ላይ ስለሚሰፍር የቀዳዳ መግለጫ የቀረበ ሂስ

በምሕንድስና ንድፍ ላይ በየገጹ ከሚደጋገሙት ጽሑፎች አንዱ የቀዳዳ መግለጫ ነው። ሁለት የብረት አካላት በብሎን የሚጋጠሙ ከሆነ ቀዳዳ ያሻል፤ ቀዳዳውም በምን ያህል ስፋት፣ እስከ ምን ጥልቀትና በምን ቅርጽ እንደሚበሳ ለሠራተኛው በአጭሩ መነገር አለበት። በዚህ ጽሑፍ ያን አጭር መግለጫ እንደ አንድ የቋንቋ ሥራ ቆጥረን እንመረምረዋለን። ምርመራችን ሁለት ወገን አለው፤ አንደኛው በኮምፒዩተር የታገዘ ንድፍ መግለጫውን እንዴት እንደሚያዘጋጅ፣ ሁለተኛው አማርኛችን ያንኑ መግለጫ ለማንበብና ለማስረዳት ያሉት ቃላት ይበቁት እንደሆነ ነው። በእኛ አስተያየት የሁለቱም ጉድለት አንድ ነው፤ ልዩ ልዩ የሆኑትን ነገሮች በአንድ ስም መጥራት።

ምሳሌ እንውሰድ። ውፍረቱ 20 ሚሊ ሜትር በሆነ ዝርግ ብረት ላይ አራት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ይገባሉ እንበል፤ የብሎኖቹም ራስ ከብረቱ ገጽ በላይ እንዳይወጣ ተፈልጓል። ለዚህ ዲያሜትሩ 9 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ከላይኛው ገጽ እስከ ታችኛው የሚያልፍ ቀዳዳ ይበሳል፤ ከዚያም አፉ በ15 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር እስከ 9 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ድረስ ይሰፋል። ነዳፊው ይህን በአማርኛ «4 ቀዳዳ 9 ሚሊ፣ ቀዳዳ 15 ሚሊ፣ ጥልቀት 9» ብሎ ቢጽፈው ምን ይሆናል? አንዱ ሠራተኛ አራት ጠባብና አራት ሰፊ፣ በጠቅላላው ስምንት ቀዳዳዎች የታዘዙ ይመስለዋል። ሌላው ባለ 15ቱን እስከ ታች ይበሳዋል። ሦስተኛው ደግሞ ጥልቀቱ የተነገረው ለየትኛው እንደሆነ ሳያውቅ ሥራውን አቁሞ ይጠይቃል፤ ከሦስቱ የሚመሰገነው እርሱ ነው። በወረቀት ላይ የተሳሳተ ቃል ይሰረዛል፤ ከብረት ተቦርቡሮ የወጣ ግን ተመልሶ አይገባም።

የዓለም መሐንዲሶች ይህን ችግር ለማስወገድ ምልክቶችን አበጅተዋል። የአሜሪካ የንድፍ ልኬት ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው እትም የቃላትን አጽሕሮት በምልክት ተክቷል፤ ወለሉ ጠፍጣፋ ዋንጫ የመሰለው ምልክት ለብሎን ራስ ክብ ማስገቢያ፣ ሁለት ሰያፍ መስመሮች ከታች የሚገናኙበት ምልክት አፉ እንደ ሾጣጣ ለተቀረጸ ቀዳዳ፣ ከአግድም መስመር ወደ ታች የሚወርደው ቀስት ደግሞ ለጥልቀት ሆኑ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2008 በቁጥር 15786 ቀዳዳዎች በአጭሩ የሚሣሉበትንና የሚለኩበትን ሥርዓት አውጥቷል። ነገር ግን ምልክትም ቃል ነው፤ እንደ ቃል ሁሉ ሁለት ትርጉም ሊሸከም ይችላል። በአሜሪካው ደረጃ ዋንጫ መሰሉ ምልክት ለረጅም ጊዜ ለሁለት ሥራ አገልግሏል፤ የብሎን ራስ ለሚሰምጥበት ማስገቢያና ሸካራ ገጽ ተልጎ ለሚስተካከልበት ስስ ማረፊያ። የመጀመሪያው ጥልቀቱ ሊነገር ግድ ነው፤ ሁለተኛው ግን ገጹ እስኪስተካከል ድረስ ብቻ ስለሚላግ ጥልቀቱ አብዛኛውን ጊዜ አይነገርም። እንግዲህ ነዳፊው የማስገቢያውን ጥልቀት የዘነጋ እንደሆነ አንባቢው ስስ ማረፊያ የታዘዘ ሊመስለው ይችላል። ለሁለተኛው መለያ የሚሆኑ ሁለት ፊደላት በምልክቱ ውስጥ የተጨመሩት እ.ኤ.አ. በ2009 እትም ነው። ትምህርቱ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ይሆናል፤ ሁለት ነገር ሁለት ስም ይፈልጋል።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንመለስ። እንደ ሶሊድወርክስና ኢንቬንተር ያሉት የንድፍ ፕሮግራሞች የቀዳዳውን መግለጫ ከሞዴሉ አንብበው ራሳቸው ይጽፋሉ፤ ሞዴሉ ሲለወጥም መግለጫው አብሮ ይለወጣል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ የሚጽፈው የተነገረውን ብቻ ነው። ነዳፊው ቀዳዳውን በቀዳዳ መሥሪያው ትእዛዝ ካበጀው ፕሮግራሙ ጥርስ ያለው መሆኑን፣ ጥልቀቱንና የአፉን ቅርጽ ያውቃል። ክብ ሥሎ ብረቱን በመቁረጥ ብቻ ካበጀው ግን ፕሮግራሙ የሚያየው ክብ ጉድለት ነው፤ የብሎን ጥርስ የታሰበለት መሆኑን ከየት ሊያውቅ ይችላል? ከዚህ የሚብሰው ነዳፊው በመግለጫው ቁጥር ላይ በእጁ ሌላ ቁጥር ሲጽፍበት ነው። ያን ጊዜ መግለጫው ከሞዴሉ ይለያያል፤ ሞዴሉ ቢታረምም ጽሑፉ ባለበት ይቀራል፤ ንድፉም ስለ አንድ ቀዳዳ ሁለት ቃል የሚናገር ምስክር ይሆናል።

ሌላም አለ። በአውቶካድ ውስጥ ለእነዚህ ምልክቶች የተዘጋጀ ልዩ የፊደል ዓይነት ይገኛል። በዚያ የፊደል ዓይነት ዋንጫ መሰሉ ምልክት በላቲኑ ትንሹ ቪ፣ ሾጣጣው በደብሊው፣ የጥልቀቱ ቀስት በኤክስ ሥር ተቀምጠዋል። ንድፉን የተቀበለው ኮምፒዩተር ያን የፊደል ዓይነት አጥቶ በሌላ የተካው እንደሆነ ምልክቶቹ ጠፍተው ፊደላቱ ብቻ ይታያሉ። በንድፍ ቋንቋ ደግሞ ኤክስ ከቁጥር ጋር ሲጻፍ «ያን ያህል ጊዜ» ማለት ነው። ስለዚህ ጥልቀትን የሚያመለክተው ቀስት ብዛትን የሚያመለክት ፊደል መስሎ ሊነበብ ይችላል። ነዳፊው ንድፉን ከመላኩ በፊት የታተመውን ወረቀት በዓይኑ ማየት እንጂ በኮምፒዩተሩ መስታወት ላይ ባየው መተማመን አይገባውም።

ትልቁ አደጋ ያለው ግን ወደ ሌላው ወገን በማያልፉ ቀዳዳዎች ላይ ነው። ውፍረቱ 23 ሚሊ ሜትር የሆነ የዘይት መያዣ ግድግዳ አለ እንበል። በውጭው ገጽ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን የሚገባበት፣ ጥርስ ያለው ቀዳዳ ያስፈልጋል። የተለመደው የጥርስ ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ሲሆን በመጀመሪያ በ6.8 ሚሊ ሜትር ይበሳል። እዚህ ላይ ሁለት ጥልቀቶች አሉ፤ ጥርሱ 16፣ የተበሳው ቀዳዳ 22 ሚሊ ሜትር ቢሆን ሁለቱም መጻፍ አለባቸው። ጥርስ ማውጫው ጫፉ ቀጠን ያለ በመሆኑ እስከ መጨረሻው ድረስ ሙሉ ጥርስ አያወጣምና። «ጥልቀት 16» ብቻ ተብሎ ቢጻፍና ሠራተኛው እስከ 16 ብቻ ቢበሳ፣ መሣሪያው ከታች ደርሶ ሊሰበር፣ ብሎኑም ሳይጠብቅ ሊቆም ይችላል። ሁለቱ ተጽፈውም አደጋው ገና አላለፈም። የጥልቀት ልክ የሚያመለክተው ሙሉ ዲያሜትሩ የሚያልቅበትን ቦታ ነው፤ የመሰርሰሪያው ሾጣጣ ጫፍ ከዚያ በታች ይወርዳል። የጫፉ ማዕዘን 118 ዲግሪ ከሆነ በ6.8 ዲያሜትር ወደ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። 22 ላይ 2 ሲጨመር 24 ይሆናል፤ ግድግዳው 23 ብቻ ነው። ወደ ውስጥ እንዳያልፍ የታሰበው ቀዳዳ አልፎ ዘይቱ ይፈሳል።

አማርኛ ይህን ልዩነት ሳያውቅ የቀረ ቋንቋ አይደለም። ውሃ የሚያንጠባጥብ እንስራ ሽንቁር አለበት ይባላል እንጂ ጉድጓድ አለበት አይባልም፤ ለምሰሶ የሚቆፈረውም ጉድጓድ እንጂ ሽንቁር አይደለም። ሽንቁር ወደ ሌላው ወገን ያሳልፋል፤ ጉድጓድ ወለል አለው። ሆኖም ሽንቁር የጉዳት ስም ሆኖ ስለኖረ ሆን ተብሎ ለሚበሳ ነገር አይስማማም፤ ጉድጓድም በአብዛኛው የመሬት ነው። በመሆኑም ሕዝቡ የለመደውን «ቀዳዳ» የወል ስም አድርገን በቅጽል መለየቱ ይሻላል እንላለን። ወደ ሌላው ወገን የሚዘልቀውን «አላፊ ቀዳዳ»፣ የማይዘልቀውን «ባለወለል ቀዳዳ» ልንለው እንችላለን። ለመጀመሪያው «ዘላቂ» የሚለው በተሻለ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ቃል ዛሬ ለማያቋርጥ ነገር ስም ሆኖ ተወስዷል። ሁለተኛውን ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል «ዕውር ቀዳዳ» ማለትን አንደግፍም፤ ስሙ ለሚሰማው ሠራተኛ የሚያስረዳው ነገር የለም፤ «ባለወለል» ግን ራሱ ይናገራል።

ለአፉ ቅርጽ ደግሞ «ማረፊያ» የሚለውን ሥር እንመርጣለን፤ የብሎኑ ራስ የሚያርፍበት ነውና። ክብና ጠፍጣፋ ወለል ያለው «እርከን ማረፊያ»፣ ሾጣጣው «ሾጣጣ ማረፊያ»፣ ስሱ «ልሙጥ ማረፊያ» ቢባሉ ሦስቱ እንደ አንድ ቤተሰብ ይታወሳሉ። «ባለደረጃ» ያላልነው «ደረጃ» በቴክኒክ ጽሑፍ ለጥራት መመዘኛም ስለሚውል ነው፤ በአንድ ንድፍ ላይ ሁለቱ ቢገናኙ ግራ ያጋባሉ። ሾጣጣ ማረፊያ ግን በስሙ ብቻ አይጠናቀቅም፤ ማዕዘኑ መነገር አለበት። በሜትር ለሚለኩት ብሎኖች የተለመደው 90 ዲግሪ ሲሆን፣ በአሜሪካ ኢንች ለሚለኩት ደግሞ 82 ዲግሪ ነው።

«ምልክቱ ካለ ስሙ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ጠያቂ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ምልክቱ በወረቀት ላይ ይበቃል፤ ነገር ግን መምህሩ ለተማሪው፣ ባለ ቶርኖ ቤቱ ለረዳቱ፣ መርማሪው ለአምራቹ የሚናገረው በአፍ ነው። በአፍ ሲነገር ስም የሌለው ምልክት «ያ ዋንጫ የመሰለው» ይባላል፤ ቀጥሎም ከነጭራሹ «ቀዳዳው» ይባልና ልዩነቱ ይጠፋል።

ያቀረብናቸው ስሞች ረቂቆች ናቸው። የሚፈተኑትም በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ ሳይሆን በሥራ ቤት ነው። አንድ ሰው ንድፉን ሳያሳይ በቃል ብቻ «አራት አላፊ ቀዳዳ፣ ዲያሜትር 9፤ እርከን ማረፊያ፣ ዲያሜትር 15፣ ጥልቀት 9» ብሎ አዝዞ ሌላው በትክክል ከሠራው ቃላቱ ሥራቸውን ሠርተዋል። ካልሠራው ብረቱን ሳይሆን ቃላቱን መልሰን እናርማለን። የተሻለ ስም ከሠራተኞች አፍ የሰማ አንባቢ ቢልክልን ከራሳችን ይልቅ የእርሱን እናስቀድማለን።