«ታሬ ዛሚን ፓር»፦ ትምህርት ቤት መቀየር ብቻውን ይበቃል?

አሚር ካን በ2007 እ.ኤ.አ. የሠራውን ይህን የህንድ ፊልም ብዙዎቻችሁ ሳታዩት አትቀሩም። ኢሻን የሚባለው ልጅ ፊደል ይዞርበታል። ሦስተኛ ክፍልን እየደገመም አልሆነለትም። አባቱ ስንፍናና ጥጋብ ነው ብሎ አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባዋል።

የፊልሙ ጉልበት ለእኛ እዚህ ጋ ነው። አባትየው ትምህርት ቤት መረጠ እንጂ ልጁን ምን እንደቸገረው አልጠየቀም። አዲሱ ትምህርት ቤት ሥርዓት አለው፤ ኢሻን ግን እዚያ የሚወደውን ሥዕል እንኳ ተወ። በኋላ ኒኩምብ የሚባል የሥዕል መምህር (አሚር ካን ራሱ ነው የሚጫወተው) ይመጣል። የልጁን ደብተሮች አገላብጦ ስሕተቱ ተመሳሳይ መሆኑን ይደርስበታል፤ በአሸዋና በጭቃ ፊደል ያስይዘዋል። አሸዋ ደግሞ እኛ ጋ በሽ ነው!

ቅር ያሰኘን መጨረሻው ነው። ኢሻን በሥዕል ውድድር ያሸንፋል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ባያሸንፍስ? ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ ሁሉ የተደበቀ ተሰጥኦ ሊኖረው ግድ ነው እንዴ? አንድን ልጅ ለብቻው የሚያስጠና መምህርስ እንደኛ በተጨናነቀ ክፍል ከየት ይመጣል?

ቢሆንም እኛም ንጹሕ አይደለንም። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «ተ»ን ከ«ቸ» የሚያምታታ ልጅ ነበረን። ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ እናቱን «ሌላ ትምህርት ቤት ይፈልጉለት» አልናቸው። «የትኛውን፣ መምህር?» አሉን። ዝም አልን። ደብተሩን እንኳ ገልጠን አላየንም ነበር።