ሳጥኑ የት ይቀመጥ?

በሰሜን እንግሊዝ፣ ካውፊልድስ በተባለ ቦታ፣ ሮማውያን የሠሩት ትንሽ ምሽግ አለ። ተመራማሪዎች 42ኛው የማይል ምሽግ ይሉታል። በሰሜን በሩ የወጣ ወታደር ፊት ለፊት የሚያገኘው ቁልቁለት ነው፤ ጥቂት ወደ ምዕራብ ፈቀቅ ቢባል ግን ምቹ ክፍተት ነበረለት። የሃድሪያን ግንብ እ.ኤ.አ. በ122 ሲጀመር ዕቅዱ በየሮማ ማይሉ አንድ ምሽግ፣ በሁለት ምሽጎች መካከል ሁለት ማማ ይሠራ የሚል ነበር። ልኩ እዚያ ላይ አረፈ፤ እነሱም እዚያው ሠሩ።

ዛሬ ግንቡን ተከትሎ ከዎልሴንድ እስከ ቦውነስ 135 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ የእግረኛ መንገድ አለ፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በእንዲህ ያለ ረጅም መንገድ ላይ ተከታታይ የጂኦካሽ ሳጥኖችን ለማስቀመጥ የሚነሣ ሰው የሚገጥመው ያው የሮማውያን ጥያቄ ነው። ልክ ይቅደም ወይስ ቦታ?

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን አቆመ። በማግሥቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ደብቆ የመገኛውን አሃዝ በኢንተርኔት ለቀቀ። ያገኘ ሰው ስሙን ይጽፋል፤ ዕቃ ከወሰደ ዕቃ ይተካል፤ ሳጥኑንም እንደነበረ መልሶ መንገዱን ይቀጥላል።

ደንቡ በሁለት ሳጥኖች መካከል ቢያንስ 161 ሜትር ይኑር ይላል። ስሌቱን ለሠራው፣ የግንቡ መንገድ ከ800 በላይ ሳጥን ይችላል። እስከ ዳር ድረስ የሚሞሉም አሉ። በኔቫዳ በረሃ፣ በአውራ ጎዳና ዳር፣ በየ161 ሜትሩ ከሺህ በላይ ሳጥን ተደርድሮ ሰው ከመኪናው እየወረደ ሲፈርም ውሏል። ብዛቱ ያስገርመኛል፤ ሙያ ግን አላይበትም።

ሙያው የሚጀምረው ሳጥን የማይቀመጥበትን በማወቅ ነው። ግንቡ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ስለሆነ በዙሪያው መቆፈር አይታሰብም፤ በድንጋዮቹ መካከል መወሸቅም እንደዚያው። ጥንቁቅ አቃጅ ከዚህም አልፎ የገበሬዎቹን የድንጋይ ካብ ይተዋል። ፈላጊ ሰው ትዕግሥቱ ሲያልቅ አንድ ድንጋይ ያነሣል፣ ከዚያ ሌላ ያነሣል፤ ዓመት ሳይሞላ ካቡ ተንዶ በጎቹ ሜዳ ለሜዳ ይበተናሉ። ስለዚህ የመሬቱን ባለቤት አስፈቅዶ ከእንጨት መሻገሪያ ሥር ወይም ከወደቀ ግንድ ጎን ያስቀምጣል። የአጥር በር ዳር ላይ የተገኘች፣ ቆሞ ለመፈለግ ሰበብ የምትሰጥ አንዲት ቦታ ከአሥር ብልጥ መደበቂያ ትበልጣለች።

ሳጥን ጨርሶ በማይገባበት ቦታ ደግሞ ጥያቄ ብቻ ይቀመጣል። ከክራግ ሎክ ሐይቅ በላይ ግንቡ የሚጓዘው ዊን ሲል በተባለ ጥቁር ዐለት ጫፍ ላይ ነው፤ ቀልጦ በሌሎች ዐለቶች መካከል ሰርጎ የረጋ ድንጋይ ነው። በሰሜን በኩል ገደል፣ በደቡብ በኩል ዘቅዘቅ ያለ መስክ የሆነው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው እዚያው ቆሞ የዐለቱን ማዘንበል ባየ ሰው ዓይን ውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚያወጣ ሰው እጁን ሳይሰነዝር ሥራውን ሠርቷል።

ወደ ዕቃው ስንመጣ ዳኛው ዝናብ ነው። የድሮ ፊልም ማስቀመጫ ቆርቆሮና ፕላስቲክ ብዙዎች ይወዱታል፤ ውሃ ያስገባልና እኔ አልወደውም። ክዳኑ ዙሪያውን ጎማ ያለው የጥይት ሳጥን ዘላቂ ነው። ለጠባብ ቦታ ደግሞ የውሃ ጠርሙስ ከመነፋቱ በፊት ያለው ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ይመጣል፤ ግድግዳው ጠንካራ፣ ክዳኑ ጥብቅ ነው። በውስጡ እርጥበት የሚችል ወረቀትና እርሳስ ይገባል። እስክሪብቶ በብርድ መጻፍ ያቆማል። ምግብ አይገባም፤ አውሬ ሳጥኑን ይቦጫጭቀዋል።

ፍንጭ አጻጻፍም የእጅ ሙያ ነው። በሲካሞር ጋፕ ሸለቆ ብቻዋን የቆመችው ዛፍ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 በሰው እጅ ተቆረጠች። «ከዛፏ አሥር እርምጃ» የሚል ፍንጭ ካለ ያኔ ሞተ ማለት ነው። በድንጋይና በመሬት ቅርጽ የጻፈ ሰው ግን ፍንጩን መቀየር አያስፈልገውም።

እኔ ከሁሉ የማደንቀው የመጨረሻውን ሳጥን አሠራር ነው። ብዙ ተከታታዮች በየክዳኑ ውስጥ አንዳንድ አሃዝ ጽፈው፣ ሁሉንም የሰበሰበ ሰው የመጨረሻውን መገኛ እንዲያሰላ ያደርጋሉ። ሰነፍ አቃጅ እዚህ ይቆማል፤ አንድ ሳጥን ከጠፋ 100 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ብልሁ ግን «የአሃዞቹ ድምር 31 ነው» ብሎ አንድ መስመር ይጨምራል። አንድ ቢጎድል በመቀነስ ይገኛል። ተጓዡ ይህን መስመር ሳያስተውለው ያልፍ ይሆናል፤ ሲቸገር ብቻ ያገኘዋል። ደግሞም አንዳንዱ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ከምዕራብ፣ አንዳንዱ በምሽጎቹ ቁጥር ቅደም ተከተል ከምሥራቅ ይነሣልና የትኛውም ሳጥን ከእሱ በፊት ያለውን መጠበቅ የለበትም።

ያስቀመጠ ይጠብቃል። የረጠበ ወረቀት መቀየር፣ የተሰበረ ክዳን መተካት ማለቂያ የለውም። ደግነቱ በመካከለኛው ክፍል በበጋ የሚሄድ አውቶቡስ አለ፤ ቁጥሩም ኤዲ122 ነው፣ ግንቡ የተጀመረበት ዓመት። ሳጥኖቹን ከአውቶቡስ ፌርማታ በሚደረስበት ርቀት ያደረገ ሰው በሚቀጥለው ዓመትም ይጠብቃቸዋል፤ ያላደረገው አይመለስም።

ለ135 ኪሎ ሜትሩ ሠላሳ ሳጥን ይበቃል ባይ ነኝ። አብዛኛው በመካከል ሳይሆን በሁለቱ ጫፎች ይቀመጥ፤ በኒውካስል ከተማ ውስጥና የባሕር ሙላት መንገዱን በሚሸፍንበት በሶልዌይ ረግረግ። እዚያ ግንቡ ለዓይን ብዙም አይታይም፤ ተጓዡን የሚያቆመው ነገር የሚያስፈልገውም እዚያ ነው።