ድንበር ላይ የሚለወጥ አኃዝ፦ የላይም በሽታ ቅኝት በአሜሪካና በካናዳ

መዥገር የአገር ድንበር አያውቅም፤ መዥገር የሚያስተላልፈው በሽታ ቆጠራ ግን ድንበር ላይ መልኩን ይለውጣል። ዩናይትድ ስቴትስና ካናዳ ስለ ላይም በሽታ የሚያወጧቸውን አኃዞች ጎን ለጎን አስቀምጠው «የእነዚያ በዛ፣ የእነዚህ አነሰ» የሚሉ ጽሑፎች የሚዘነጉት ይህንኑ ነው።

ዩናይትድ ስቴትስ በሽታውን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ ካናዳ ግን በ2009 ነው። ካናዳ በመጀመሪያው ዓመት 144 ሕሙማን መዘገበች፤ በ2021 ቁጥሩ ከ3,000 በላይ ሆነ። በዩናይትድ ስቴትስ የ2022 ምዝገባ 62,551 ደረሰ፤ ይህም ከ2017 እስከ 2019 ከነበረው አማካይ በ69 በመቶ ያህል ይበልጣል። ለዚህ ዋነኛው ምክንያት የመዥገሩ መራባት ሳይሆን የደንቡ መለወጥ ነው። ከ2022 ወዲህ በሽታው በተስፋፋባቸው ግዛቶች የላቦራቶሪ ውጤት ብቻውን ለምዝገባ ይበቃልና። በሌላ በኩል፣ ከጤና መድን ሰነዶች የተገኘው ግምት ከ2010 እስከ 2018 በየዓመቱ 476,000 ያህል ሰዎች ታክመዋል ይላል።

የልዩነቱን ትርጉም አንድ ሕመምተኛ ይገልጠዋል። ቆዳው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ምልክት ወጥቶበታል፤ የላቦራቶሪ ማስረጃ ግን የለውም። በካናዳ የ2016 መለያ መሠረት፣ ሰውየው በሽታው ባለበት አካባቢ ከነበረና ሐኪም ምልክቱን ካየ፣ «ሊሆን የሚችል» ተብሎ ይቆጠራል። ድንበሩን ተሻግሮ ቬርሞንት ቢታከም፣ በ2022ቱ ደንብ «የተጠረጠረ» ከመባል አያልፍም፤ ከዓመታዊው ድምርም አይገባም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ፀረ እንግዳ አካላት ገና ስላልዳበሩ የደም ምርመራው ብዙ ጊዜ በሽታውን አያሳይም።

ይህ ጉዳይ እኛንም ይነካል። ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩባቸው ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ በሽታው ከተስፋፋባቸው ግዛቶች ተርታ ናቸው። ቀዩ ምልክት በጥቁር ቆዳ ላይ ጎልቶ አይታይም፤ የሕክምና መጻሕፍት ሥዕሎችም አብዛኞቹ የነጭ ቆዳ ናቸው። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶችም ጥቁሮች ከነጮች ይልቅ በሽታው ወደ መገጣጠሚያ ከዘለቀ በኋላ እንደሚታወቅላቸው አመልክተዋል። ስለዚህ አንደኛው ደንብ በሐኪም ዓይን፣ ሌላው በደም ምርመራ ሲመካ፣ ጥቁሩ ሕመምተኛ ከሁለቱም መዝገብ ሊያመልጥ ይችላል።

እንግዲህ አኃዝ ያለ መለያ ደንቡ መታተም የለበትም። የሁለት ጎረቤት አገሮች ንጽጽርም ስንት ተቆጠረ ከማለቱ በፊት፣ ማን ሳይቆጠር ቀረ ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።