የመደቡ ዕጣ፦ የዛንዚባር አሮጌ ከተማ የእንግዳ ማረፊያዎች ሲመዘኑ

ወደ ዛንዚባር የሚሻገር መንገደኛ የሚያድርበትን ሲመርጥ ሁለት ዓይነት ቤት ይጠብቀዋል። አንደኛው በደሴቲቱ ሰሜንና ምሥራቅ ነጭ አሸዋ ላይ የተንሰራፋው፣ በአጥር የተከለለው የመዝናኛ ሆቴል ነው። ሁለተኛው በወደቡ አጠገብ፣ ነዋሪዎቹ «ምጂ ምኮንግዌ» (አሮጌው ከተማ)፣ የውጭ ሰዎች ደግሞ ስቶን ታውን በሚሉት ሰፈር ውስጥ፣ መኪና በማይገባባቸው ጠባብ መንገዶች መካከል የሚገኘው መለስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ሁለተኛው ለብዙ ሰው ኪስ ይቀላል፤ ገበያው፣ ወደቡና የፎሮዳኒ መናፈሻም በእግር ይደረስባቸዋል። ነገር ግን ማረፊያውን በዋጋውና በቦታው ብቻ መመዘን አይበቃም። እነዚህ ማረፊያዎች በአብዛኛው ቀድሞ መኖሪያ የነበሩ ቤቶች ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ማረፊያ የአንድ አሮጌ ቤት ትርጉም ነው ማለት ይቻላል፤ ትርጉም ደግሞ ከምንጩ ጋር እየተስተያየ ይመዘናል።

ምንጩ ምን ይላል? አሮጌው ከተማ ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ የያዘው በ19ኛው መቶ ዘመን፣ የኦማኑ ሱልጣን ሰዒድ ቢን ሱልጣን መናገሻውን ከመስቀጥ ወደ ዛንዚባር ካዛወረ በኋላ ነው። ግድግዳዎቹ ከኮራል ድንጋይና ከኖራ የተሠሩ ወፍራም ግድግዳዎች ናቸው። ወለሉንና ጣሪያውን የሚሸከመው የማንግሮቭ አጣና ነው፤ የአጣናው ርዝመት ውስን በመሆኑ ክፍሎቹ ከ3 ሜትር ብዙም አይሰፉም። «ክፍሉ ጠበበኝ» የሚል እንግዳ ባለቤቱን ሳይሆን ዛፉን ቢወቅስ ይሻለዋል። የውስጡ ግቢ ነፋስና ብርሃን ያስገባል። ከውጭ፣ በተቀረጸው በር ግራና ቀኝ፣ «ባራዛ» የሚባል የድንጋይ መደብ አለ። ጎረቤት ይወያይበታል፣ ቡና ይጠጣበታል፣ ዝናብ መንገዱን ሲያጥለቀልቀውም እግረኛ ይሻገርበታል። መደቡ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ቢሆንም አገልግሎቱ ለመንገዱም ጭምር ነው።

ታማኙ ማረፊያ ይህን ሁሉ ጠብቆ የሚያስተናግድ ነው። ግድግዳውን በኖራ ይጠግናል፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ድንጋዩን ይጎዳዋልና። ግቢውን አይደፍንም፤ ደረጃው ቀጥ ያለ መሆኑንና የንጋት አዛን የሚሰማ መሆኑን ለእንግዳው አስቀድሞ ይነግራል እንጂ እንደ ነውር አይደብቅም። ከዳተኛው ትርጉም በሩን ለጌጥ ያስቀርና ግቢውን በመስተዋት ይዘጋል፤ ከዚያም ለሙቀቱ ማቀዝቀዣ ይተክላል። የዚህ ምርጫ ድክመት እንዲታይ እ.ኤ.አ. በ2008 ደሴቲቱ ለአንድ ወር ያህል፣ ከ2009 መጨረሻ እስከ 2010 መጀመሪያ ደግሞ ለሦስት ወር ያህል ያለ ኤሌክትሪክ መቆየቷን ማስታወስ ይበቃል።

ዋናው ጥያቄ ግን ከኖራና ከመስተዋት ያልፋል። ከ1964ቱ አብዮት በኋላ ብዙዎቹ ቤቶች ተወርሰው ለአዳዲስ ነዋሪዎች ተሰጡ፤ ጥገና በማጣትም አረጁ። በ1985 የጥበቃና የልማት ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ2000 ከተማው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ከቱሪስት የሚገኘው ገንዘብ ብዙ ግድግዳ ከመውደቅ ማዳኑን መካድ ግፍ ይሆናል። በ1883 የተሠራው «የድንቃድንቅ ቤት» በዲሴምበር 2020፣ ያውም በእድሳት ላይ ሳለ፣ በከፊል ተደርምሶ የሰው ሕይወት ማጥፋቱ የእነዚህ ሕንፃዎች ህልውና በምን ላይ እንደተንጠለጠለ ያሳያል። ይሁን እንጂ መኖሪያ ቤት ወደ ማረፊያነት በተለወጠ ቁጥር ከመንገዱ አንድ ቤተሰብ ይጎድላል። ግድግዳው ድኖ በመደቡ ላይ የሚቀመጥ ጎረቤት ከጠፋ፣ የተረፈው ከተማ ሳይሆን የከተማ ትርዒት ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች የሚስማሙበትን ነገር ማስተዋል ይገባል። በስዋሂሊ «ሆቴሊ» ብሎ የጠየቀ ወደ ምግብ ቤት ሊመራ ይችላል፤ ማደሪያው «ኙምባ ያ ዋጌኒ»፣ የእንግዶች ቤት፣ ይባላል። «ምጌኒ» የሚለው ቃል እንደ አማርኛው «እንግዳ» ሁሉ ተጋባዡንም ባይተዋሩንም ይጠራል። የስዋሂሊ ተረት ደግሞ እንግዳ ሁለት ቀን እንግዳ ነው፣ በሦስተኛው ቀን ዶማ ስጠው ይላል። በርካሽ ማረፊያ ለሳምንት የሚከርም ሰው ይህ ምክር ይመለከተዋል። የእርሱ ዶማ ምርጫው ነው፦ ጎረቤት አሁንም በደጁ የሚቀመጥበትን ቤት መምረጥ፣ ምሳውን ከሰፈሩ ምግብ ቤት መብላት፣ በመደቡ በኩል ሲያልፍም የተቀመጡትን ሰላም ማለት።

ስለዚህ በምጂ ምኮንግዌ ማረፊያ የሚመርጥ አንባቢ ከአልጋውና ከቁርሱ በፊት ደጁን ይመልከት። ማምሻውን መደቡ ላይ የሰፈሩ ሰዎች ተቀምጠው ካገኘ፣ ክፍሉ ቢጠብም ደረጃው ቢያደክምም ጥሩ ቤት አግኝቷል። መደቡ በአበባ ማሰሮ ተሞልቶ መቀመጫ ካጣ ግን፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ሌላ ቤት ይፈልግ።