«የሰውነት ወታደሮች»፦ በአንድ የጤና ትምህርት አባባል ላይ የቀረበ ትችት

ነጭ የደም ሕዋሳት የሰውነት ወታደሮች ናቸው የሚለው አባባል ኤች አይ ቪን ለኅብረተሰቡ በማስረዳት ረገድ ረጅም አገልግሎት ሰጥቷል። ቫይረሱ ወታደሮቹን ይገድላል፤ ወታደር ያጣች አገርም በጠላት ትደፈራለች። ፊደል ያልቆጠረ አድማጭም ቢሆን ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ይሁን እንጂ አባባሉ የሚያስተምረው ቁጥርን ብቻ ነው። የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ከጤነኛ ሆላንዳውያን ያነሰ የሲዲፎር ቁጥር እንዳላቸው አሳይቷል፤ በወታደር ስሌት ከሆነ ጤነኛው ሁሉ ግማሽ በሽተኛ ሊባል ነው። የሥራ ክፍፍሉም ተዘንግቷል። ኒውትሮፊል ቀድሞ ደርሶ፣ ተዋግቶ፣ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል፤ መግል በአብዛኛው የእርሱ ሬሳ ነው። ቢ-ሊምፎሳይት ፀረ-አካል እንዲመረት ያደርጋል። ሲዲፎር ደግሞ በዋናነት ገዳይ ሳይሆን ቀስቃሽ ነው። የቲቢን ባሲለስ የሚውጠው ማክሮፌጅ ሲሆን፣ የዋጠውን በሚገባ መግደል የሚችለው ሲዲፎር ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን መልእክት ሲልክለት ነው። መልእክቱ ሲቋረጥ ማክሮፌጁ ራሱ ለጀርሙ መኖሪያ ይሆናል።

የአባባሉ ጉድለት ጎልቶ የሚታየው በእንጦጦ ኮረብታዎች ነው። በግርጌው ለረጅም ዘመን የቲቢ ሕሙማን መታከሚያ የሆነው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ይገኛል፤ ከፍ ብሎ ደግሞ ብዙ ሕሙማን የሚጠመቁበት ጸበል አለ። ሲዲፎሩ እጅግ የወረደ ታማሚ ሳንባው ላይ ጉድጓድ ላይታይ፣ አክታውም በማይክሮስኮፕ ነጻ ሊመስል ይችላል፤ ጉድጓዱን የሚቆፍረው በአብዛኛው የሰውነቱ የራሱ ምላሽ ነውና። ይኸው ታማሚ ፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት በጀመረ በሳምንታት ውስጥ፣ ሲዲፎሩ ሲያንሰራራ ትኩሳቱ ሊያገረሽ፣ ንፍፊቱም ሊያብጥ ይችላል። ወታደሩ በዛ ተብሎ ሕመሙ ሲብስበት ምን ይበል? መድኃኒቱ አልተስማማኝም ብሎ ክኒኑን ቢያቆም የሚያስገርም አይደለም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ በይፋ ተናግረዋል። ይህን ግራ መጋባት ማጥራት ግን የጤና ባለሙያው ድርሻ ነው፦ መድኃኒት የተላመደ ቲቢና ሌላ ኢንፌክሽን አለመኖሩን ማጣራት፣ ሁለቱም ሕክምናዎች እንዳይቋረጡ ማድረግ፣ ምልክቱም ሊመጣ እንደሚችል ከመጀመሪያው ቀን መንገር።

ሁለተኛው ማስረጃ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘውና በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ-19 ማከሚያ የሆነው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር የብሪታንያው የሪከቨሪ ጥናት ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱ ሕሙማን መካከል ሞትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ፣ ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ግን እንደማይጠቅም አሳወቀ። ወታደርን የሚያስታግስ መድኃኒት እንዴት ነፍስ ያድናል? አባባሉ መልስ የለውም።

የተሻለው ምሳሌ ቤቱ የተቃጠለ ጎረቤት ነው። አንዱ ኡኡ ብሎ ይጣራል፣ ሌላው ውኃ ያመጣል፣ ሌላው ጣሪያ ያፈርሳል። ጠሪው ዝም ካለ ቤቱ ይነዳል፤ ሰፈርተኛው ዘግይቶ በአንድ ጊዜ ከጎረፈ ደግሞ እሳቱ የተወውን ሕዝቡ ይሰብረዋል። በዚህ ምሳሌ የሲዲፎር መውረድም፣ የመድኃኒት ጅማሬው መባባስም፣ የዴክሳሜታዞን ጥቅምም ለታማሚው ይገቡታል። ምሳሌው ክትባትን ግን አያስረዳም። ጠላቱን አስቀድሞ አይቶ መልኩን የሚያስታውሰው ወታደር ለክትባት ጠረጴዛ ቢቀመጥ አግባብ ነው።