አራቱ ቁጥሮች

በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ሴማፎርን (ፕሮሰሶች ተራ የሚጠባበቁበትን ምልክት) የሚገድቡ አራት ቁጥሮች በአንድ መስመር ተደርድረው ይገኛሉ። በቀድሞዎቹ ከርነሎች 250፣ 32000፣ 32 እና 128 ነበሩ። እነዚህን አስልቶ የሚያስተካክል ባለሙያ ሁሌም ያስደንቀኛል።

የቆየ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ አልነሳም ይላል፤ መልእክቱ «በመሣሪያው ላይ ቦታ አልቀረም» የሚል ነው። ዲስኩ ግን ገና ግማሹም አልተያዘም! ያለቀው የሴማፎር ልኩ ነው። ጀማሪ ፋይል መሰረዝ ይጀምራል። የገባው ሰው «አይፒሲኤስ» የሚለውን ትእዛዝ ይጽፍና ማን ምን እንደያዘ ያያል፤ ምክንያቱም የሲስተም ፋይቭ ሴማፎር የፈጠረው ፕሮሰስ ቢሞትም አብሮት አይሞትም፤ እስኪሰረዝ ወይም ማሽኑ ዳግም እስኪነሳ ድረስ ቦታ ይዞ ይቆያል። የተረሳ ሴማፎር ከሌለ ስሌቱ ይመጣል፦ ያ ፖስትግሬስ ለየ16ቱ ፕሮሰስ አንድ ስብስብ ይፈልጋል፤ በየስብስቡም 17 ሴማፎር አለ። ትርፏ አንዷ ስብስቡ የሌላ ፕሮግራም አለመሆኑን መለያ ናት። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ደስ ይለኛል።

የጋራ ሜሞሪ ነባሪ ጣሪያም ለዓመታት 32 ሜጋባይት ብቻ ነበር፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ከርነል 3.16 ከፍ አደረገው፤ ደግ አደረገ። ሴማፎሮቹም ከጊዜ በኋላ ሰፋ ያለ ልክ አገኙ። ያም ሆኖ አሮጌ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ዛሬም መጀመሪያ የሚያነበው ያንኑ የአራት ቁጥሮች መስመር ነው።